እምነትን በሥራ ስለ መግለጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለጅማና አካባቢዋ ምእመናን

ይህ ገጽ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የተዘጋጀ ነው። ስለ ቁርባንና ስለ አጽዋማት ከተጻፈው በቀር ሌላውም ክርስቲያን ሊጠቀምበት ይችላል። ብዙ ሰው «እምነቴን በሥራ ልግለጥ» ሲል የሚጀምረው ከምጽዋትና ከስእለት ነው። እኛ ዕዳን አስቀድመናል። ለምን እንደሆነ ሁለተኛው መልስ ላይ ታገኙታላችሁ።

ምክንያትና ሰበብ በምን ይለያሉ?

በሉቃስ ወንጌል 14፥16–24 ያለውን የታላቁን እራት ምሳሌ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አንዱ «መሬት ገዝቻለሁ፣ ሄጄ ልየው» አለ፤ ሁለተኛው «አምስት ጥማድ በሬ ገዝቻለሁ፣ ልፈትናቸው» አለ፤ ሦስተኛው ሚስት ማግባቱን ተናገረ። መሬት መግዛትም፣ ማረስም፣ ማግባትም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የበሬ ገበያ የሚያውቅ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፣ አረማመዱን ተመልክቶ፣ ከተቻለም ጠምዶ ሞክሮ ነው ብሩን የሚቆጥረው። አሥር በሬ ሳይፈትን ገዝቶ በእራት ሰዓት «ልፈትን» የሚል ገበሬ የለም። መሬቱም ቢሆን እስከ ነገ የትም አይሸሽም።

እውነተኛ ምክንያት ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ማብቂያ ቀንና ምትክ። «አራስ ነኝ፤ ልጄ ክርስትና እስኪነሣ ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ» ያለች እናት ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ቆጥራ ትመጣለች። በዚህ መሐልም ጸሎቷን አላቋረጠችም። «ሥራ በዝቶብኛል» የሚለው ሰው ግን መቼ እንደሚቀልለት ሲጠየቅ መልስ የለውም፤ እስከዚያስ በምትኩ ምን እያደረግህ ነው ቢባልም እንደዚያው። ሰበብ ቀን የለውም።

እምነቴን በሥራ ልግለጥ ብል ከየት ልጀምር?

ከዕዳችሁ። የሰው ገንዘብ ይዞ መመጽወት ከሌላ ኪስ መስጠት ስለሆነ ነው ያስቀደምነው። ዘኬዎስ በሉቃስ 19፥8 ሁለት ነገር ተናግሯል፤ ለድሆች እንደሚሰጥና በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ። ስብከት ላይ የመጀመሪያው ይጎላል፣ ሁለተኛው ግን ቶሎ ይታለፋል።

አንድ ወረቀት ውሰዱና አራት መስመር ጻፉ፦ የተበደርኩት ገንዘብ፣ ያልከፈልኩት ደመወዝ ወይም ኪራይ፣ ተውሼ ያልመለስኩት ዕቃ፣ ተጣልቼ ያልታረቅሁት ሰው። በየመስመሩ ስምና መጠን ይግባ። የሚበዛው ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ይስቃል፤ ጃንጥላ፣ መሮ፣ ድስት፣ የጎረቤት መሰላል ይወጣል። በዚያው ሳምንት ያንን መልሱ፤ አንድ ብር አያስወጣም። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ለአበዳሪው ሄዳችሁ በወር ምን ያህል እንደምትከፍሉ ተናገሩና የመጀመሪያውን ክፍያ በዚያው ቀን ስጡት፣ 200 ብርም ቢሆን። ሰውየው የሚቀየመው ብዙ ጊዜ በገንዘቡ መዘግየት ሳይሆን መንገድ ላይ ሲያያችሁ ፊታችሁን በማዞራችሁ ነው።

ቡና እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። «ንግድ ያለ ማታለል አይሆንም» ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል የቆመው በሚዛን ጉዳይ ላይ ነው፦ ዘሌዋውያን 19፥35–36፣ ዘዳግም 25፥13–16፣ ምሳሌ 11፥1። ጅማ ቡና የሚመዘንባት አገር ስለሆነች ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

መጀመሪያ ሚዛናችሁን ፈትኑ። ስድስት ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ላዩ ላይ አስቀምጡ። ውሃው ብቻ 12 ኪሎ ነው፤ የጠርሙሶቹ ክብደት ሲጨመርበት ከ12 ኪሎ ጥቂት ከፍ ብሎ መነበብ አለበት። 11 ተኩል ካነበበ ከገበሬው እየሰረቀ ነው፤ አስተካክሉት ወይም ለውጡት። ባዶውን ሚዛን ከዜሮ መነሣቱን በየጠዋቱ እዩ፤ አቧራና የቡና ልጣጭ ሥሩ ገብቶ ያዛባዋል።

ቀጥሎ የጆንያ ቅናሽ አለ። ገበሬው እሸት ቡና የሚያመጣበት ማዳበሪያ ባዶውን አንድ መቶ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ገዢው ግን «ለጆንያ» ብሎ አንድ ኪሎ ሲቀንስ ማንም አይጠይቀውም። በአንድ ማዳበሪያ 900 ግራም፣ በ30 ማዳበሪያ 27 ኪሎ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ከፈረሱላ ተኩል በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ቀን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባዶውን ማዳበሪያ በገበሬው ፊት መዝኑና የመዘነውን ያህል ብቻ ቀንሱ።

ሻጩም ከዚህ አያመልጥም። ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ላይ ውሃ መርጨት፣ ድንጋይና አፈር መደባለቅ፣ አረንጓዴ ፍሬ ከቀይ ሥር መደበቅ ያው ስርቆት ነው። የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ በመጋዘን ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ አጠገቡ ያለውን የሌላ ገበሬ ቡና ጭምር ያበላሻል። ስለዚህ የረጫችሁት ውሃ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። የማር ሻጩ ስኳር፣ የቅቤ ሻጩ ሙዝ ሲጨምር እንደዚያው ነው፤ በእነርሱ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ራሳቸው ያውቁታል።

«ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ ብቻ ብታመን እከስራለሁ» ለሚለው፦ የመጀመሪያው ወር ላይ ትርፋችሁ ሊቀንስ ይችላል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ገበሬ ግን ሚዛን ያወራል። የአንዱ መንደር ሰው የታመነ ሚዛን ካገኘ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ እናንተ ደግሞ የምታተርፉት ከሚመላለስ ደንበኛ ነው።

ከዚህ በፊት ያታለልኳቸውን ሰዎች አላውቃቸውም። እንዴት እመልሳለሁ?

የምታውቁትን ለባለቤቱ መልሱ፤ ከሞተ ለልጆቹ። የማታውቁትን በግምት አስሉት። ለምሳሌ በቀን አምስት ኪሎ በዓመት ለ60 የግዢ ቀናት አጉድላችሁ ከሆነ 300 ኪሎ ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋ አባዙትና ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ። ለነዳያን እንዲሰጥ ወይም ሌላ መንገድ ሊያዝዟችሁ ይችላሉ። ሁለት ስሕተት ይታያል። አንዱ ግምቱን ለራስ አዝኖ ማሳነስ ነው። ሌላው ገንዘቡን በስም ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍና መጋረጃ ሰጥቶ «እገሌ አበረከተ» ማስባል ነው። የተመለሰ የሰው ገንዘብ ጭብጨባ አያስፈልገውም።

የቀን ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ክፍያን ማዘግየት ኃጢአት ነው?

ዘዳግም 24፥14–15 ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፤ ያዕቆብ 5፥4 ደግሞ የተከለከለ የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽ ይናገራል። ቡና ለቃሚ በዚያው ምሽት ይከፈለው፤ እራቱን የሚገዛው በእርሱ ነው። «ዝርዝር የለኝም» ከጠዋት ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ሰበብ ነው። ለቤት ሠራተኛችሁ የመክፈያ ቀኑን በቁጥር ወስኑ፤ ደመወዟን «እኔ ጋ ይጠራቀምላት» ማለት እርሷ በአንደበቷ ካልጠየቀች አይሆንም፤ ከጠየቀችም በየወሩ ተጽፎ ትፈርምበት። ለቅዳሴ የምትሄዱት እርሷ ምሳ እየሠራች ስለሆነ ከሆነ ደግሞ እየተፈራረቃችሁ ሂዱ።

ኑሮ ተወዷል። አስራትም ምጽዋትም ከየት አመጣለሁ?

አስራት ከአሥር አንድ ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር 1,000 ብር ያወጣል። ነጋዴ ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ ያወጣል፤ የ60,000 ብር ዕቃ ሸጦ 52,000ው የመግዣና የማጓጓዣ ከሆነ አስራቱ የሚታሰበው በቀረው 8,000 ላይ ነው፣ 800 ብር ማለት ነው። ገበሬ ከምርቱ ይሰጣል። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ መጠየቅ ካህኑን አለማመን አይደለም፣ የአጥቢያውን ሒሳብ ያጠራል።

«ሙሉውን ካልቻልኩ ምንም አልሰጥም» የሚለውን ግን ተዉት። በማርቆስ 12፥41–44 ያለችው መበለት ሁለት ሳንቲም ነው የጣለችው። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12ም ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው እንደማይጠየቅ ይናገራል። አሁን የምትችሉትን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩና ጀምሩ፤ በየዓመቱ አሳድጉት።

ብር ለሌለው ቤት የሚሆን አንድ መላ አለ። እንጀራ የሚጋገርበት ዱቄት ከሚቀመጥበት ቦታ ክዳን ያለው ጣሳ አኑሩ። በቀን አንድ የቡና ሲኒ ዱቄት ወይም ሽሮ ጨምሩበት። አንዱ ሲኒ 60 ግራም ገደማ ስለሚይዝ በወር ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ይሆናል። በየወሩ መጨረሻ ለአንዲት ለምታውቋት አቅመ ደካማ እናት ስጡ። ከወር በላይ አታቆዩት፤ ነቀዝ ይገባዋል፤ ነቀዝ የበላውን መስጠት ደግሞ መጣል ነው። ጣሳውንም በእንግዳ ፊት አትክፈቱት።

ፎቶ ስለ ማንሣት ይጠየቃል። አታንሡ። ማቴዎስ 6፥3 ግራ እጅ እንኳን እንዳታውቅ ነው የሚለው፤ ቴሌግራም ቻናል ከግራ እጅ ይሰፋል።

ሕሙማንን ልጠይቅ ሆስፒታል ብሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

«ታምሜ ጠይቃችሁኛልን» የሚለው ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነው፤ ማቴዎስ 25 ላይ ሁሉንም ታገኟቸዋላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉ አባ ቦራ ጭምር ታካሚ ይመጣበታል። ስለዚህ ከታማሚው ይልቅ የተቸገረው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። ከተማውን አያውቅም፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ገንዘቡን መድኃኒት ላይ ጨርሷል።

የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የልብስና የገላ ሳሙና፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ፣ ነጠላ ወይም ስስ ብርድ ልብስ፣ የሞባይል ካርድ፣ ሲወጡ ደግሞ የመመለሻ ትራንስፖርት። ለአስታማሚው ቤት የተሠራ ሽሮና እንጀራ አምጡለት። ለታማሚው ግን ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አትስጡ፤ ለቀዶ ሕክምና ባዶ ሆዱን እንዲቆይ የታዘዘ፣ ስኳር ያለበት ወይም ጨው የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ብርቱካን እንኳን ለኩላሊት በሽተኛ ጉዳት ሊኖረው ይችላል።

በጉብኝት ሰዓት ግቡ፣ ከሁለት ሰው በላይ አትሁኑ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ። አልጋ ላይ አትቀመጡ። ሕመሙን አትጠይቁት፤ «ከየት ነው የመጣችሁት?» በቂ መጀመሪያ ነው። በኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ከሆነና እናንተ ካልቻላችሁ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በሌላ እምነት ያለ ታማሚ አጠገብ ጮክ ብላችሁ አትጸልዩ።

አንድ ከባድ ጥፋት አለ፦ ጠበል ስለጀመርክ መድኃኒቱን ተው ማለት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወሰዳል። ሰው ተሻለኝ ብሎ በሁለተኛው ወር ካቆመ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፣ ለቤተሰቡም ያስተላልፋል። የኤችአይቪ መድኃኒትም እንደዚሁ አይቋረጥም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ አስተምረዋል።

ማረሚያ ቤት ለምትሄዱ፦ አስቀድማችሁ የጉብኝት ቀኑንና የሚገባውን ዕቃ በር ላይ ጠይቁ፤ መታወቂያ ያዙ። ሳሙና፣ የውስጥ ልብስና መጽሐፍ ከምግብ ይልቅ ይፈለጋል። ክሱን አትጠይቁ።

ተማሪ ነኝ፣ ገቢ የለኝም።

ትምህርታችሁ አለ። ግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ጉባኤ) ውስጥ ካላችሁ ሁለት ሆናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ሒሳብ አስጠኑ። ከስድስት ልጅ በላይ አትያዙ፤ ከበዛ ንግግር ይሆናል፣ ጥናት አይሆንም። ክፍል ከምትጀምሩ በፊት በፈተና ጊዜያችሁ ማን እንደሚተካችሁ ወስኑ፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚፈርሰው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ለጸሎት ጊዜ የለኝም። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት መጠበቅ አልችልም።

በአንድ ጊዜ ሰባቱን አትጀምሩ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ አማትባችሁ «በስመ አብ»፣ «አባታችን ሆይ»፣ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»፣ አንድ የዳዊት መዝሙር። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ስለተከፈለ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ነው። 150ውን መዝሙር በቀን አምስት ብታነቡ በ30 ቀን ያልቃል። አራቱ ወንጌላት በጠቅላላው 89 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ከሦስት ወር አያልፍም። ስልኩ አልጋ አጠገብ ካደረ ጠዋት መጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ነው። ሌላ ክፍል ይደር፣ መጽሐፉ ትራስጌ ይሁን።

ጅማ ዝናብ አያቆምም። እሑድ ጠዋት በጭቃው እንዴት ልሂድ?

ለሥራ የሚወጣ ሰው በዚያው ዝናብ ሰኞ ጠዋት ይወጣል። ነጠላችሁን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ያዙና ደጀ ሰላም ስትደርሱ ልበሱት። የላስቲክ ቦቲ አድርጉ፤ መቅደስ ጫማ ወልቆ ስለሚገባ ደረቅ ካልሲ ኪሳችሁ ይኑር። ባጃጅ የምትይዙ ከሆነ ከአንድ ሰፈር ሦስት ሆናችሁ ቅዳሜ ማታ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ፤ በዝናብ ጠዋት የሚጨምረው ዋጋ አያስደነግጣችሁም። አረጋዊ ጎረቤት ካላችሁ አንዱ ቦታ የእርሳቸው ነው።

ቡና በሚለቀምበት ወራት እሑድን እንዴት ላክብር? ፍሬው አይጠብቅም።

ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። የበሰለ ፍሬ ከቆየ ይረግፋል፣ አፈር የነካው ደግሞ ጣዕሙ ይበላሻል። መላው ቅዳሜ ላይ ነው። በደረቅ የምታዘጋጁ ከሆነ የቅዳሜን ለቀማ ቀደም ብላችሁ አቁሙና የተለቀመው ሁሉ ሳይመሽ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣ፤ ውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ይሁን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማገላበጥና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ብቻ ይቀራል። ጌታ በሉቃስ 14፥5 በሰንበት ጉድጓድ ስለወደቀ በሬ የተናገረው ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ይሆናል። አዲስ ለቃሚ ጠርቶ ማሳ መግባት ግን ጥበቃ አይባልም። ለእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የምታስረክቡ ከሆነ የተለቀመው በዚያው ቀን መፈልፈል ስላለበት የቅዳሜውን መጠን ጣቢያው በዚያው ምሽት ሊቀበል በሚችለው ልክ ወስኑ፤ የተረፈው እሑድ ጆንያ ውስጥ ይሞቅና ይቦካል።

«ሳረጅ እቆርባለሁ» ማለት ምን ችግር አለው?

ማርጀታችሁን ማን ነገራችሁ? ብዙ ወጣት የሚሸሸው ከቁርባኑ ሳይሆን ከንስሐው ነው። ስለዚህ መንገዱን በዝርዝር እንጻፍ።

አንደኛ፣ ከአጥቢያችሁ አንድ ካህን የንስሐ አባት እንዲሆኗችሁ ጠይቁ። ሩቅ አገር ያሉ «ታዋቂ አባት» ለብዙ ሰው የማይደረስባቸው ስለሆኑ ሰበብ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ አሥርቱን ትእዛዛትና ስድስቱን ቃላተ ወንጌል አስቀምጣችሁ በየአንዳንዱ ራሳችሁን መርምሩ፤ የሚረሳ ከሆነ ጻፉት፣ ከተናዘዛችሁ በኋላ አቃጥሉት። ሦስተኛ፣ ስትናዘዙ የራሳችሁን ብቻ ተናገሩ። «ባለቤቴ እንዲህ ስላደረገችኝ» ከተጀመረ ኑዛዜው ክስ ሆኗል። አራተኛ፣ የተሰጣችሁን ቀኖና በቀኑ ፈጽሙ፤ ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ሕመም ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ጨጓራ ወይም ስኳር፣ ከመታዘዙ በፊት ተናገሩ። ሌላ እንዲያዙላችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ እንድታፈርሱት አይደለም። አምስተኛ፣ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ፍትሐት (የኃጢአት ስርየት ጸሎት) ተቀበሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀራል። ስድስተኛ፣ ለቁርባን ቢያንስ 18 ሰዓት ጹሙ፣ ባለትዳሮችም በአባታችሁ ምክር ከመኝታ ተለዩ፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ ቁሙ።

«ተመልሼ ብወድቅስ?» ይባላል። ተመልሳችሁ ትናዘዛላችሁ።

ጾም እጾማለሁ። ይህ በቂ አይደለም?

ኢሳይያስ 58፥6–7 ጾምን ከእንጀራ መቁረስ ጋር አስሮታል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤታችሁ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በቀን 20 ብር ብቻ ቢያተርፍ 1,100 ብር ይሆናል፤ ይህ የጾሙ ድርሻ ስለሆነ ለይታችሁ አስቀምጡትና ከፋሲካ በፊት ለበዓል መዋያ ለሌላቸው ስጡ። የሚበላሸው ገንዘቡ ውድ በሆነ «የጾም» ምግብና ኬክ ሲተካ ነው። ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለንስሐ አባታቸው ነግረው እንደ አቅማቸው ያደርጋሉ።

በጾም ደም መለገስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ባዶ ሆድ አይደለም። ጾሙን ከፈታችሁበት ሰዓት በኋላ በልታችሁ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱ ከደም ባንኩ ካልገጠመ ለጾም ያልሆነ ቀን ውሰዱ እንጂ አትሰርዙት። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛም ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ መለገስ ይቻላል። የሚወሰደው ከ450 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትለግስም። በዚያ ቀን ጆንያ አትሸከሙ።

ጎረቤቶቼ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። በጎ ሥራዬ ለማን ነው?

በሉቃስ 10 ጌታ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የመለሰው በሳምራዊ ነው። በጅማ እድሩም ቡናውም አንድ ላይ ነው፤ ይህ የቆየ በረከት ነው። ሥራው ግን ማስተዋል ይፈልጋል። ሥጋ አትውሰዱ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያርዳልና ማስቸገር ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ቡና፣ ተምር ማንንም አያስቸግርም። በረመዳን የምትሰጡት ከማፍጠሪያ ሰዓት በፊት ይድረስ። ለቅሶ ላይ ውሃ መቅዳት፣ ወንበር ማመላለስ፣ ሌሊት መጠበቅ ከገንዘብ ይበልጣል። እርዳታን ለስብከት ማጥመጃ አታድርጉት፤ የራበው ሰው እሺ ቢላችሁ ዱቄቱን ፈልጎ ነው።

ካህናቱና ሰባኪዎቹ ራሳቸው የሚሉትን አይኖሩትም። እኔ ለምን?

ማቴዎስ 23፥3 ላይ መልሱ አለ፦ የሚያዝዙትን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ። የካህኑን ጥፋት ታውቁ እንደሆነ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርቡ፤ ጠጅ ቤት ማውራት አቤቱታ አይባልም። የእናንተ የጎደለ ሚዛን ግን በእርሳቸው ጥፋት አይስተካከልም።

ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተናል። እርሱ ይቅርታ ይጠይቅ እንጂ እኔ ለምን ልሂድ?

ማቴዎስ 5፥23–24 መባውን ትቶ የሚሄደው ወንድሙ የተቀየመበት ሰው ነው፤ ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ የተበደለው እንዲሄድ ያዝዛል። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ነው የሚያምረው።

መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ፣ በገበያ ወይም በለቅሶ ቀን አይሁን። ጥፋታችሁን በስሙ ጥሩት፦ «ሽማግሌዎቹ ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ»። «ካስቀየምኩህ» አትበሉ፤ ካስቀየምኩህ የሚል ሰው ማስቀየሙን ገና አላመነም። የመሬቱን ነገር በዚያ ቀን አታንሡ። ዕርቁና ክፍፍሉ በአንድ ቀን ከተቀላቀሉ ሁለቱም ይፈርሳሉ። እምቢ ካለ ከሳምንታት በኋላ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ተመለሱ። ክፍፍሉ በጽሑፍ፣ በምስክር ይሁን።

አንድ ነገር እንለይ። በቤቷ የምትደበደብ ሴት ይቅር ማለቷ ወደ ዱላው መመለስ አይደለም። መጀመሪያ ደኅና ቦታ ትድረስ፣ ሕክምናና ሕግ ጋ ትሂድ። «ታረቂ» ብለው የሚጎትቷት ዘመዶች ወንጌሉን ለሰበብ እየተጠቀሙበት ነው።

ሁልጊዜ እጀምራለሁ፣ ሁልጊዜ እተወዋለሁ። ምን ላድርግ?

የሚተወው ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ብዙ የጀመረ ሰው ነው። በጥምቀት ማግስት ሰባት ጸሎት፣ ሙሉ አስራት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ብሎ ይነሣና ሚያዝያ ሳይገባ ሁሉንም ጥሎ ይቀመጣል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ለ40 ቀን ያዙት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፉ፦ «በጎ እሠራለሁ» አይጻፍም፣ «ዘወትር ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ለእማማ ሁለት ጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ» ይጻፋል። ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለአንድ ወዳጅ ንገሩ፤ ለብዙ ሰው መንገር ግን ሥራው የተሠራ ያህል ያረካል።

አንድ ዓርብ ካመለጣችሁ በሚቀጥለው ሁለት እጥፍ እንክፈል አትበሉ፤ አራት ጀሪካን ይከብድና ያም ይቀራል። ሁለቱን ጀሪካን ብቻ ቅዱ። እማማ «ባለፈው ምነው ቀረህ?» ብለው ቢጠይቋችሁ የሆነውን ተናገሩ።